ኩሬ ያለበት ሜዳ

ሳክስፎን የሚነፋ ባል ያገባች ሴት በጋን ቤቷ ተቀምጣ አታሳልፍም። ልብስ ሰፊዋ ይህን የተረዳችው በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ፀሐይዋ ጠንከር ማለት ስትጀምር በየሜዳው መድረክ ይተከላል፤ ባሏ ከነባንዱ ከአንዱ የሙዚቃ ድግስ ወደ ሌላው ይዞራል፤ እሷም የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና ትከተለዋለች። ልጆች ሲመጡም ልማዱ አልቀረም፤ ጓዙ ብቻ በዛ። ምንጣፍ፣ ኮፍያ፣ ቅያሪ ሱሪ፣ የተላጠ ብርቱካን፣ እና የፋብሪካ ሠራተኛ የሚያደርገው ዓይነት ትልልቅ የጆሮ መከላከያ። ትልቋ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እሷ ያላዘዘችው ነገር ቤት ውስጥ ስለማይሆን «እሜቴ» ይሏታል። ወንድሟ አራት ዓመቱ ነው፤ እሱ በበር ከመግባቱ በፊት ጉንጩ ስለሚገባ «ድንቡሼ» ተብሏል።

ሰው «ሕፃናትን እዚህ ጩኸት ውስጥ ይዞ መዞር ምን የሚሉት ነው» ይላል። ይበል። ሰው የማይለው ነገር የለም። እሜቴ ቤዝ ጊታርን ከሊድ ጊታር በድምፁ የለየችው ፊደል ሳትለይ ነው። ድንቡሼም መራመድ የተማረው መድረክ ጀርባ፣ ኬብል እያደናቀፈው ነው። ደስተኛ ልጆች ናቸው፤ ሲደክማቸው ከበሮው አጠገብ ጥቅልል ብለው ይተኛሉ።

ልብስ ሰፊዋን ከሌሎቹ እናቶች የሚለያት አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጆቿን እጅ ለእጅ አታያይዝም፤ ታስራቸዋለች። ከእሜቴ ቀበቶ እስከ ድንቡሼ ቀበቶ የሚደርስ፣ በገዛ እጇ ድርብ አድርጋ የሰፋችው ማሰሪያ አለ። «ወንድምሽን ያዢ፤ እንዳትለቂው» የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ይህ ቃል ለእሷ አንድ ጊዜ ተነግሯታል፤ በቂ ነው።

የተነገራት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ያኔ የአውቶቡስ ሾፌር የነበሩት አባቷ እሷንና ወንድሟን ለበጋ የሙዚቃ ድግስ ይዘዋቸው ሄዱ። ወንድሟ አራት ዓመቱ ነበር፤ «ትንሹ» ይሉታል። ዛሬም ትንሹ ነው፤ ሠላሳ አምስት ሊሞላው፣ ፂም ሊያበቅል፣ ፀጉሩም ሊሳሳ ሲገባው። ከሰው መሀል ጠፋና ከመድረኩ ጀርባ ካለው ኩሬ አወጡት። እንዴት እንደጠፋ ሲጠይቋት «እጄን አስለቅቆኝ ሮጠ» አለች። አባቷም ከዚያ ወዲህ ለጠየቃቸው ሁሉ ይህንኑ ይደግማሉ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ልጁ ቀዥቃዣ ነበር» ይላሉ። ነገሩ የቤተሰቡ ተረት ሆኖ ቀረ። ዘመድ ቤት ልጅ ከእናቱ እጅ ባፈተለከ ቁጥር «እንደ ትንሹ እንዳትሆን» ይባላል።

ትንሹ ግን አልሮጠም። ይህን ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች፤ አውቃም ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ብላለች።

ከዚያ በጋ ወዲህ፣ ሙዚቃ ባለበትና ሰው በታጨቀበት ቦታ፣ ግራ መዳፏ ውስጥ አንድ ትንሽ እጅ ይገባል። በላብ የረጠበ ነው፤ አጥብቆ ይይዛታል። ዝቅ ብላ ስታይ ማንም የለም። ለባሏ አልነገረችውም። አበደች እንዳይላት ሳይሆን፣ «የማን እጅ ነው?» ብሎ እንዳይጠይቃት ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች። መጀመሪያ መጀመሪያ ትፈራው ነበር፤ እያደር ለመደችው። መፍራቷ ይሻላት ነበር።

ዘንድሮ የባሏ ባንድ የተጠራው እዚያው ሜዳ ላይ ነው።

«ከከበደሽ ቅሪ» አላት ባሏ የሳክስፎኑን አፍ በጨርቅ እየወለወለ። «ወንድምሽ የሞተበት ቦታ ነው፤ ማንም አይፈርድብሽም።»

«ልጆቹስ? አንተ መድረክ ላይ ነህ፤ ማን ያያቸዋል?»

«እኔ ምን ልሠራ ነው ያለሁት?» አሉ ለእሁድ ምሳ የመጡት አባቷ ከሶፋው ላይ። ያንን ሜዳ ከትንሹ ወዲህ ረግጠውት አያውቁም፤ በዚያ መንገድ የሚያልፍ አውቶቡስ እንኳ አልነዳም ብለው መስመር አስቀይረዋል። «እግሬ ሳይከዳኝ አንዴ ልየው። ሁላችንም እንሄዳለን፤ በቃ።»

አባቷ «በቃ» ካሉ በቃ ነው።

ቀኑ ብራ ነበር። ሜዳው ከምታስታውሰው አነሰባት፤ ኩሬው ግን ያው ነው። በሽቦ አጥር ተከልሏል፤ ከአጥሩ ወዲያ ሁለት ዳክዬዎች ይዋኛሉ። እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ዳክዬ መዋኘቱ እንደ ድፍረት ታያት። ጀርባዋን ሰጥታው ምንጣፉን ዘረጋች፤ ብርቱካኑን አወጣች፤ የልጆቹን ጆሮ ከለለች። ድንቡሼን ቢጫ ሸሚዝ ያለበሰችው ከሩቅ እንዲታይ ብላ ነው።

ሽማግሌው አባቷ ማሰሪያውን ያዩት ያኔ ነው።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ልጅ እንደ ፍየል ይታሰራል እንዴ?»

«ይፍቱልኝ አባባ» አለች እሜቴ፣ ዕድሏን እንዳገኘች ሁሉ። «ልጆች ሁሉ እየሳቁብኝ ነው። እኔ ትልቅ ነኝ፤ በእጄ እይዘዋለሁ።»

ፈቱት። ቀጥለው የልጅቷን እጅ አንስተው ከወንድሟ እጅ ጋር አገናኙና፣ «ወንድምሽን ያዢ፤ እንዳትለቂው» አሉ።

የልብስ ሰፊዋ እጅ ብርቱካኑ ላይ ቀረ። ቃሉ ያው፤ የአነጋገሩ ለዛ እንኳ ያው። ሽማግሌው ምን እንዳሉ ራሳቸው የሰሙ አልመሰሉም። «ይተዉ አባባ» ማለት ነበረባት። ማሰሪያውን ተቀብላ መልሳ ማሰር ነበረባት። አርባ ዓመቷ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ለሦስት ሠራተኛ ደመወዝ ትከፍላለች። አባቷ ፊት ለመናገር ስታስብ ግን አንደበቷ የዘጠኝ ዓመት ይሆንባታል። ብርቱካኑን ከፋፈለች።

የባሏ ባንድ ወደ መድረክ ሲወጣ ሰዉ ወደፊት ገፋ። እሷም ከምንጣፉ ተነሥታ ተጠጋች። ሽማግሌው ወደ ጎን ቆሙ፤ ልጆቹ ከእሷ ሦስት እርምጃ ፊት ነበሩ፤ እሜቴ እንደ ትልቅ ሰው ደረቷን ነፍታ ወንድሟን ይዛለች። ባሏ ከባንዱ ፊት ወጥቶ ብቻውን መንፋት ጀመረ። ዘፋኙ ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ ዘንበል አድርጎ «እስቲ እጆቻችሁን ልያቸው» አለ፤ ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ።

እሜቴም አጨበጨበች። ሁለቱንም እጆቿን ከራሷ በላይ አንሥታ፣ አባቷ እንዲያያት እየዘለለች። ልብስ ሰፊዋ ይህን በዓይኗ በብረቱ አየች። የሌላ እናት ልብ ቢሆን ይዘል ነበር፤ የእሷ አልዘለለም። ለምን ቢባል፣ ግራ መዳፏ ውስጥ አንድ ረጠብ ያለ ትንሽ እጅ ነበር። ድንቡሼ ወደ እኔ መጥቷል፣ ጎሽ፣ አለች በልቧ። እንዲያውም ጨበጥ አደረገችው። ለሠላሳ አንድ ዓመት ዝቅ ብላ ስታይ ኖራ፣ ማየት በሚገባት በዚያች ሰዓት አላየችም። ባሏ ላይ ዓይኗን ተክላ አንድ ሙሉ ዘፈን ሰማች።

እጁ ጎተት አደረጋት።

«ቆይ የኔ ጌታ፣ አባትህን እንየው» አለችው።

እንደገና ጎተታት። አሁን ጠንከር አድርጎ ነው፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ኩሬው በኩል። ልትቆጣው ዝቅ አለች። ማንም የለም።

ክው አለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እሷ ግን ፈርታው ብቻ ሳይሆን ያንን እጅ ጨብጣ ቆማ ጠብቃዋለች። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወደተጎተተችበት አቅጣጫ ሮጠች። ከመድረኩ ላይ ባሏ ስትሮጥ አይቷት ሳክስፎኑ መሀል ላይ ተቋረጠ። ሰዉ ግን የዘፈኑ መጨረሻ መስሎት ጭብጨባውን አደመቀው።

ያኔም ልክ እንዲህ ነበር የሚያጨበጭቡት። ትንሹ ጠፍሮ ይዟት ነበር፤ እጁ በላብ ርሷል፤ ጣቶቿን አላላውስ ብሏታል። እሷ ማጨብጨብ ፈለገች። ሌላ ምንም አይደለም፤ እንደ ሰው ማጨብጨብ። «ልቀቀኝ» አለችው፤ እምቢ አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀችና አጨበጨበች። ዘፈኑ አልቆ ስትዞር አጠገቧ አልነበረም።

የኩሬው አጥር በአንድ በኩል ተገልጧል። ሠራተኞች የጄኔሬተሩን ኬብል ለማሳለፍ ሽቦውን ወደ ላይ አጥፈው ትተውት ሄደዋል፤ አራት ዓመት ለሆነው ሰው የሚበቃ ቀዳዳ ነው። እሷ በደረቷ ተስባ ስትሾልክ ቀሚሷ ከጀርባዋ ተተረተረ።

ቢጫውን ሸሚዝ አየች። ድንቡሼ ውሃው አፋፍ ላይ ቆሟል፤ የጫማው ጫፍ ርሷል፤ የጆሮ መከላከያውን አላወለቀም። ግራ እጁ ወደ ጎን ተዘርግቷል፤ እኩያውን እጅ ለእጅ የያዘ ልጅ እንዲሁ ነው የሚቆመው። ሮጣ አነሣችው። ስታነሣው ክንዱ ለአፍታ ያህል አልመጣላትም፤ ከዚያ መጣ።

ልጁ አላለቀሰም፤ ተቆጥቶ ነበር።

«ያ ልጅ» አላት አኩርፎ፣ መከላከያውን ከጆሮው ስታነሣለት። «ዳክዬዋን ልይዛት ስል እጄን ያዘኝ። ልቀቀኝ ስለው እምቢ አለኝ።»

«የት ሄደ?»

«እኔ እንጃ። አንቺ ስትይዢኝ ሄደ።»

ልጁን እንዳቀፈች ጭቃው ላይ ቁጭ አለችና ውሃውን አየችው። ውሃው ላይ ሁለቱ ዳክዬዎች ብቻ ነበሩ። ፈርታ ነበር፤ ግን ከፍርሃቷ ይልቅ ሐፍረቷ በለጠ።

ባሏ ሳክስፎኑ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ደረሰ፤ ሁለቱንም አቀፋቸው። ሽማግሌው እያለከለኩ ተከተሉ፤ ሽቦውን ከፍ አድርጋ ያሾለከቻቸው እሜቴ ናት። የልጅቷ ፊት አመድ መስሏል። ማንም ሳይጠይቃት «እኔ አይደለሁም» አለች። «እጄን አስለቅቆኝ ሮጠ።»

«ነዋ» አሉ ሽማግሌው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ልክ እንደ ትንሹ ነው። ያም እንዲሁ ነበር…»

«አልነበረም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አባቷን አቋርጣ ስታውቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ድምፅዋ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ አልነበረም።

«ትንሹ አላስለቀቀኝም አባባ። አጥብቆ ይዞኝ ነበር። ላጨበጭብ ብዬ ጣቶቹን ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼ እሱ ላይ ጣልኩት፤ እናንተም አመናችሁኝ። እሱ አልለቀቀም። ያኔም አልለቀቀም፤ ዛሬም አልለቀቀም።»

ባሏ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። እሷ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ነይ ወዲህ እሜቴ። ስታጨበጭቢ አይቼሻለሁ።»

ልጅቷ አቀረቀረች። «ትንሽ ብቻ ነው ያጨበጨብኩት።»

«አውቃለሁ። ልጅ ያጨበጭባል። እሱን መያዝ የኔ ሥራ ነበር እንጂ ያንቺ አልነበረም፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ይህን ሁልጊዜ አስታውሺ። እሱ ሮጠ ግን አትበይ፤ አልሮጠም።»

እሜቴ ጭቃው ላይ ተንበርክካ እናቷ አንገት ሥር ገባችና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ድንቡሼ ማን መታት ብሎ ዙሪያውን አየ።

ሽማግሌው ቆመው ቀርተዋል። ኮፍያቸውን አወለቁ፤ አጣጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እኔም አይቼሽ ነበር» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ለልጅቷ የሚናገሩ መስሏት ቀና አለች። የሚያዩት ግን እሷን ነበር።

«ጣቶቹን ስታላቅቂ። ከኋላሽ ሁለት እርምጃ ላይ ነበርኩ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ምን ይሆናል ነው ያልኩት፤ እኔም እያጨበጨብኩ ነበር።»

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አባትና ልጅ፣ በየእሁዱ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ምሳ በልተዋል።