ከአሥራ አራት ቁጥር የወረዱት አሥራ አንድ ሰዎች

አውቶቡስ ድርጅቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሬዲዮ ነበር የሚሏት። ስምሪት ክፍል ተቀምጣ ከጠዋት እስከ ማታ ሾፌሮችን በስልክ ስታናግር ስለምትውል፣ ስልክ ባትይዝም ደግሞ ዝም ማለት ስለማይሆንላት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የትኛው ሾፌር ቁልቁለት ላይ እንደሚቸኩል፣ የትኛው ምሳ ሊበላ ሲወርድ ስልኩን መሪው ላይ ትቶ እንደሚሄድ አብጠርጥራ ታውቃለች።

የዚያን ቀን ሁለት አውቶቡሶች ወደ አንድ ከተማ ወጡ። አሥራ አራት ቁጥር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ አርባ አንድ ቁጥር ደግሞ ሩብ ሰዓት ቆይቶ። የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው የማታውቀው ሰው ደወለ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው።

«የእናንተ አውቶቡስ ከድልድዩ በላይ ያለው ቁልቁለት ላይ ተገልብጧል» አላት። «ስልክ ቁጥራችሁን ከአውቶቡሱ ላይ አንብቤ ነው። ሰው እያወጣን ነው።»

«የጎን ቁጥሩ ስንት ነው?»

«አንድና አራት አለበት። በአቧራ ተሸፍኗል፤ ደግሞ በጎኑ ነው የተኛው፣ ከየት ወዴት እንደሚነበብ እንጃ።»

ሌላ ልትጠይቀው ስትል መስመሩ ተቋረጠ። መልሳ ደወለች፤ አይገባም። የአሥራ አራት ቁጥር ሾፌር መነጽር ነው የሚባለው፤ ወደ እሱ ደወለች፤ አይገባም። የአርባ አንዱ ሾፌር በጡረታ ሊሰናበት አራት ወር የቀረው፣ ሁሉንም ሰው «የኔ ጌታ» እያለ የሚያናግር ትልቅ ሰው ነው። የእሱም ስልክ አይገባም።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲደነግጥ በር የሚዘጋ ሰው ነበር እንጂ። በሩን ዘጋው።

«አንድም ቃል ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አላት። «የትኛው መኪና እንደሆነ ሳናውቅ ምን እንላለን?»

«ሰው ሲጠይቀኝስ?»

«እያጣራን ነው በይ።» ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ መደርደሪያውን ያተራምስ ጀመር። «መመሪያ አለን እኮ። ያ ሥልጠና ላይ የሰጡን።»

ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት ቀን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠው ስለ አደጋ ጊዜ አሠልጥነዋቸው ነበር። መመሪያው ከአሮጌ የግድግዳ ካላንደሮች ሥር ተገኘ። የመጀመሪያው ገጽ አደጋ ሲደርስ ከሁሉ በፊት ለምክትል ሥራ አስኪያጁ እንዲደወል ያዛል። ሬዲዮ ደወለች።

«እኔ እኮ ከለቀቅኩ ዓመት አለፈኝ» አላት ሰውዬው። ከኋላው ዶሮዎች ይንጫጫሉ። «ዶሮ እርባታ ነው ያለሁት። ምን ልርዳሽ?»

«እንጃ» አለችው። እውነትም አታውቅም ነበር። ይቅርታ ጠይቃ ዘጋች።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የትኬት መስኮቱ ፊት ያለው አዳራሽ በሰው ሞላ። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ከተማውን አዳርሶታል። አንዱ አውቶቡሱ ገደል ገብቷል ይላል፤ አንዱ ጎማ ብቻ ነው የፈነዳው ይላል፤ ሌላው ሁለት አውቶቡሶች ናቸው የተጋጩት ብሎ ይከራከራል። ሬዲዮ ስልኳን ይዛ መስኮቱ ጀርባ ተቀመጠችና ለመጣው ሁሉ «እያጣራን ነው» ትል ጀመር። ሃያኛው ሰው ላይ ቃሉ አፏ ውስጥ ትርጉሙ ጠፋባት።

አንዲት እናት መስኮቱን ይዛ አልንቀሳቀስም አለች። እግሯ ላይ ያደረገችው አንዱ የቤት ነጠላ ጫማ፣ አንዱ የመንገድ ጫማ ነው። ልጇ ተማሪ ናት፤ ከሰዓት ፈተና አለባት።

«የኔ ልጅ በየትኛው ነው የሄደችው? ይቺን ብቻ ንገሪኝ።»

ሬዲዮ ዝርዝሩን አየች። «በአሥራ አራት ቁጥር ነች፣ እናቴ። ወንበር ሃያ ሁለት።»

«የወደቀውስ የትኛው ነው?»

«እያጣራን ነው።»

ስድስት ከሩብ ላይ የመነጽር ስልክ ገባ። ድምፁ እየተቆራረጠ ነው። «ሬዲዮ፣ እኔ ነኝ። ምሳ የምንበላበት ቦታ ቆሜያለሁ። ፍሬኑ አየር እየለቀቀ አስቸገረኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ መኪናውም...» ጠፋ።

ሬዲዮ ከወንበሯ ተነሳች። የሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ትዝ አላላትም፤ ቢላትም የምትሰማው አይመስለኝም። በሩን ከፍታ ወደ አዳራሹ ወጣችና የእናትየዋን ሁለት እጆች ያዘች።

«አሥራ አራት ቁጥር ደህና ነው። አሁን ሾፌሩን አናገርኩት። ልጅሽ ደህና ናት።»

እናትየዋ ግንባሯን ሳመቻትና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በአሥራ አራት ቁጥር ሰው የሸኙት ሁሉ ተቃቀፉ። በአርባ አንድ የሸኙት ምን ማለት እንደሆነ ሲገባቸው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀ፤ ሬዲዮም ወደየትኛው ፊቷን እንደምታዞር ግራ ገባት።

ሃያ ደቂቃ ቆይቶ መነጽር እንደገና ደወለ።

«ቅድም ሳልጨርስልሽ ተቆረጠ» አለ። «ከእኔ ተሳፋሪዎች የቸኮሉት አርባ አንድ ላይ ተሳፍረው ሄደዋል፤ ባዶ ወንበር ነበረው። አሥራ አንድ ናቸው። አሁን ደግሞ እዚህ ያለው ሰው አንድ አውቶቡስ ወድቋል ይላል። እውነት ነው?»

«እነማን ናቸው የሄዱት?»

«ስም አልጻፍኩም። ቸኩለው ነበር አልኩሽ እኮ።»

ሬዲዮ ስልኩን እንደያዘች አዳራሹን በመስኮቱ አየች። እናትየዋ አጠገቧ ላለች ሴት ስለ ልጇ ፈተና እየተረከች ነው። ሬዲዮ ያደረገችው ነገር ምን እንደሆነ በቅጡ ሊገባት አልቻለም። አልዋሸችም። የሰማችውን ነው የተናገረችው። ግን የተናገረችው እውነት አልነበረም።

ሄዳ አጠገቧ ተንበረከከች። «እናቴ፣ ቅድም ያልኩሽን እንዳላልኩሽ ቁጠሪው» አለቻት። «አሥራ አንድ ሰው ወደ ሌላው መኪና ተዛውሯል። ልጅሽ ከእነሱ መሀል ትኑር አትኑር አላውቅም።»

እናትየዋ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። የሰማችው ቋንቋ የማታውቀው ይመስል አፏን አፏን አየቻት።

ያ አልበቃ ብሎ ልክ ሰባት ሰዓት ሲሞላ በአዳራሹ ያለ ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። «ውድ ደንበኛችን፣ ቤተሰብዎ በሰላም መድረሻቸው ገብተዋል። ስለመረጡን እናመሰግናለን» ይላል። አውቶቡሶቹ ይደርሳሉ በተባለበት ሰዓት ኮምፒውተሩ በየቀኑ በራሱ የሚልከው መልእክት ነው። ማንም አላስታወሰውም። አንድ ሽማግሌ መልእክቱን ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡት፤ በየመሀሉ ቀና እያሉ ሬዲዮን ያዩዋታል። ገሚሱ አመነ። ገሚሱ እየቀለዱብን ነው ብሎ መስኮቱን ይደበድብ ጀመር።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ ወረደ። «ለጊዜው እንተወው» ብሎ በጆሮዋ አንሾካሾከ። «ቢያንስ ትንሽ ይረጋጉ። ስናጣራ እናስተካክለዋለን።»

ሬዲዮ ቅድም አንድ ሰው አረጋግታ ምን እንዳመጣች አይታለች። «እኔ አልችልም» አለችው። «ከፈለጉ ከሥራ ያባርሩኝ።» አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣች።

«መልእክቱ ስሕተት ነው» አለች። «የላከው ማሽን ነው፤ ማሽኑ ምንም አያውቅም። የማውቀውን ልንገራችሁ። የወደቀው አርባ አንድ ቁጥር ነው። ከአሥራ አራት ቁጥር አሥራ አንድ ሰው ወደ እሱ ተሳፍሯል። እነማን እንደሆኑ አላውቅም። ስንት ሰው እንደተጎዳም አላውቅም። በየሩብ ሰዓቱ እዚህ ወንበር ላይ እወጣለሁ፤ የምነግራችሁ ባይኖረኝም ወጥቼ የለኝም እላለሁ።»

አንድ ሰው ስድብ ወረወረ፤ ሌላው «ተው» አለው። ሥራ አስኪያጁ ከጎኗ ቆሞ ነበር፤ በዚህ ጊዜ በር አልዘጋም።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጥታ የለኝም አለች። የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ ክሪክ በዚህ መሀል ደረሱ። አጭርና ደንዳና ስለሆኑ፣ የማያነሱት ነገር ስለሌለም ነው በመኪና ማንሻው ስም ክሪክ የተባሉት። የዘይት ጨርቃቸውን እንደያዙ ትንሽ አዳመጡ።

«አንቺ ልጅ» አሏት። «መነጽር የሄዱትን ካላወቀ የቀሩትን ያውቃል አይደል? አጠገቡ ናቸው። ስልኩን በየተራ ያስይዛቸውና ስማቸውን ይንገሩሽ።»

ይህን ያህል ቀላል ነገር እስካሁን ለምን እንዳልመጣላት ዛሬም ድረስ አይገባትም። መነጽር ስልኩን ለተሳፋሪዎቹ አቀባበለ። ሬዲዮ ስም በሰማች ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ምልክት አደረገች። አሥራ ዘጠኝ ድምፅ ሰማች። አንዱ ስሙን ትቶ መቼ ነው ሌላ መኪና የምትልኩት ብሎ ተጨቃጨቃት፤ ደስ አላት። ወንበር ሃያ ሁለት ባዶውን ቀረ።

ለእናትየዋ ስትነግራት ሴትየዋ ቀድማ ያወቀች ይመስል ራሷን ነቀነቀች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጎጂዎቹ የተወሰዱበት ሆስፒታል ስም በስም ነገራቸው። የአርባ አንድ ቁጥሩ ትልቅ ሾፌርና ከአሥራ አንዱ አንድ ነጋዴ ሕይወታቸው አልፏል። ተማሪዋ ትከሻዋና ሁለት የጎን አጥንቷ ተሰብሯል፤ ግን በሕይወት አለች። ጋሽ ክሪክ እናትየዋን በጋራዡ መኪና ይዘዋት ሄዱ።

በሳምንቱ ያ የአደጋ ጊዜ ሥልጠና የሰጣቸው አሠልጣኝ ተጠርቶ መጣ። ከዚህ ምን ተማርን ብሎ ጠየቀ። ማሽኑ ይዘጋ፣ ስልክ ቁጥሮቹ በየወሩ ይታዩ፣ መኪና የሚቀይር ሰው ስሙ ይጻፍ ተባለ። ሬዲዮ ሁሉንም ተስማማችበት። «አንድ ነገር ስሰማ ወዲያው ልናገር ወይስ እስኪጠራ ልጠብቅ?» ብላ ስትጠይቅ ግን አሠልጣኙ እንደ ሁኔታው ነው አላት። ያን ቀን ሁኔታው ምን እንደነበር እሷም አታውቀውም።

እሑድ ሆስፒታል ሄደች። ልጅቷ ተኝታለች። እናትየዋ ወንበር ሳበችላት።

«ለሃያ ደቂቃ ልጄ ደህና ነበረች» አለች እናትየዋ። «አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ። ላመስግንሽ ወይስ ልቀየምሽ፣ እያሰብኩ ነው የሰነበትኩት። አልለይልኝ አለ።»

«እኔም አልለየልኝም» አለች ሬዲዮ።

ነርሷ ፋሻ ልትቀይር ገብታ ሁለቱንም አስወጣቻቸው። ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ቆመው፣ ፈተናው በድጋሚ ይሰጣት ዘንድ ለትምህርት ቤቱ ምን ብለው እንደሚጽፉ ይመካከሩ ጀመር።