ከእኛ ቤት የመጣው ሰው

እማዬ ለፈረቃ ስትወጣ ወንድሜን ከግቢ እንዳላስወጣው አስጠንቅቃኝ ነበር። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ወንድሜ ዘአማኑኤል ከቂሊንጦ ከተፈታ ወር ሆነው። የታሰረው አእምሮው ታሞ የጋሽ ከሊልን ሱቅ መስታወት ስለሰባበረ ነው። አሁን መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ በእኔ ላይ ይቀልዳል። ሰፈሩ ግን ሰላምታውን አይመልስለትም። እሱ ብቅ ሲል ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ።

ያን ቀን የእነ አያና አባት ሞተው እድራችን ድንኳን ሊተክል ወጣ። ደንቡ ከየቤቱ አንድ ሰው ነው፤ የቀረ ይቀጣል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ከእኛ ቤት የሚወጣው ዘአማኑኤል ነበር። ስለዚህ ጫማውን አቀበልኩት።

ደርሰን መዶሻ ሲያነሳ ሁሉም ሥራውን አቆመ። ጋሽ ከሊል ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ እኮ ነው፣ አታዩም ወይ አለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሚካኤል መዶሻውን ቀስ ብለው ተቀበሉትና ቤቱ ሄዶ እንዲያርፍ መከሩት። እንደመጣ እንቆጥርልሃለን፣ ቅጣት የለብህም አሉት። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ዞረ። አሁን ከሄደ ዳግመኛ ከግቢ እንደማይወጣ አወቅኩ።

"ጋሼ፣ መጥቷል እኮ" አልኳቸው። "እዚህ ቆሞ እያዩት ከቅጣት ይምሩታል?"

"ለእሱው ብለን ነው ልጄ።"

"እጁን የሚያንቀጠቅጠው ኪኒኑ ነው። መፍራትስ ኪኒኑን ያልወሰደ ቀን ነው። የጋሽ ከሊል እጅ ደግሞ ስኳር ሲመዝን ያለ ኪኒንም ይንቀጠቀጣል።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቁን ዋጠ። እኔ መዶሻውን ከጋሼ እጅ ወስጄ ለወንድሜ ሰጠሁት። ከዚያ ተንበርክኬ ካስማውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ምታ" አልኩት።

ቆሞ አየኝ። "እጅሽን ዝቅ አርጊ ሮዳስ። ጣትሽን ከመታሁት ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ።"

ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም። መታ። ካስማው ትንሽ ጠለቀ። ደግሞ መታ። ጋሽ ወልደሚካኤል ገመዱን አንስተው አቀበሉት።

ቀጣዩን ካስማ የሚይዝለት ሰው አልመጣም። እኔ ያዝኩለት። ከዚያ በኋላ ያለውንም። በጉልበቴ እየዳኽኩ ድንኳኑን አብረን ዞርነው።