ትተያያላችሁ?

ባለገመዱ የደወለ ጊዜ እትዬ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ የአንድ ሠርግ ጥሪ ካርድ ፊደል በፊደል ትለቅም ነበር። የማተሚያ ቤቱ ዲዛይን ክፍል የእሷ ነው። ዲዛይን ክፍል ይባል እንጂ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የሚያቃስት ወንበርና ወደ መንገዱ የሚያይ መስኮት ያለው የላይኛው ፎቅ ክፍል ነው። የማተሚያ ማሽኖቹ ከመንገዱ ማዶ፣ በታናሽ ወንድሟ ሕንፃ ውስጥ ይንጫጫሉ። ሠራተኛው ሁሉ እሷን እትዬ፣ እሱን ጋሼ ይላል። እሷ ግን ልጆች ሳሉም፣ ሪዝ ካወጣም በኋላ ማሙሽ ነው የምትለው። ማለቴ፣ ይነጋገሩ በነበረ ጊዜ።

«እትዬ፣ ዕቃ ከመምረጤ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ ባለገመዱ። «ከጋሼ ጋር ትተያያላችሁ?»

እትዬ መነጽሯን አወለቀች። ይህን ጉዳይ እንዲህ ፊት ለፊት የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሰውየውን ግን ከድሮ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዕድሜውን ሙሉ የኔትወርክ ገመድ ሲጎትት ስለኖረ ባለገመዱ ተባለ፤ አሁን ገመድ አልባ ዕቃ እየተከለ እንኳ ስሙ አልለቀቀውም። ክፉ ሰው አይደለም።

«አንተያይም» አለችው።

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

«ድሮ ግን ትተያዩ ነበር አይደል? በመሃል ምን ገባ?»

«ምን ያልገባ አለ ብለህ ነው፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያው መሃል ላይ ሦስተኛ ማስገባት ነዋ።»

«ኧረ ተወኝ! ስንቱ ገባ መሰለህ። ሦስተኛ በገባ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ነው የሄደው።»

«የገቡት አቀማመጡን ሳያጠኑ ይሆናል» አለ ባለገመዱ፣ የሙያ ኩራቱ ተነክቶ። «ለኔ ይተዉት። ከፍ ያለ ቦታ ያለው፣ ሁለታችሁንም የሚያይ አንድ አላጣም።»

እትዬ ስልኩን ስትዘጋ እንባ እንባ አላት። ዘመድ አዝማድ ያቃተውን ባለገመዱ ሊሞክረው ነው። ይሞክረው እስቲ።

ጠቡ የአንድ ፊደል ጠብ ነው። እናታቸው ያረፉ ጊዜ የመታሰቢያ ካርድ አዘጋጁ። እትዬ ከፎቶው ሥር «መቼም አንረሳሽም» ብላ ጻፈች። ካርዱ ታትሞ፣ ታጥፎ፣ ለሰው ሁሉ ከታደለ በኋላ አንዲት አክስታቸው ጮክ ብላ «መቼም እንረሳሽም» ብላ አነበበችው። አ አናቱ ላይ ጭረት አብቅሎ እ ሆኖ አረፈው! ከእህት «እኔ አርሜ ነው የላክሁት»፣ ከወንድም «እኔ የተላከልኝን ነው ያተምኩት» ሆነ። ፋይሉን ያሻገረችው ፍላሽ ስትከፈት ደግሞ ሁለቱንም ይዛ ተገኘች፤ የታረመውንም፣ ያልታረመውንም። ማን የትኛውን አነሳ? እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሌላ ሰው ፊደል ቢስት ይስቅና ያልፋል፤ ማተሚያ ቤት ያላቸው ሰዎች የገዛ እናታቸውን ካርድ ሲያበላሹ የት ይገባሉ? እዚያው ሐዘንተኛው መሃል «ዓይንሽን አልይ»፣ «እኔም ያንተን» ተባባሉ።

ማሙሽ ነገር ሲይዝ ይይዛል። ብዙም ሳይቆይ ጣሪያው ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር የውሃ ታንከር ጎለተ። ለውሃ ነው ይላል። ታዲያ ያ ሁሉ ጣሪያ እያለ የተቀመጠው ልክ ከእሷ መስኮት ትይዩ ነው። ድሮ ሥራ ሲደክመው እዚያች ቦታ ወጥቶ ሲናፈስ ታየው ነበር፤ አንዳንዴም እጁን ያወዛውዝላታል። አሁን የምታየው ታንከር ነው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ ፋይል የሚያመላልሰው ዘበኛው ነው፤ ፍላሿን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጉልበቱን እየረገመ። ባለፈው ታዲያ ከፍላሿ ጋር መልእክት ጭኖ መጣ። «ጋሼ ‹ፍላሽ መጠበቅ ሰልችቶኛል፤ በዚህ ወር ፋይል በቀጥታ ካልደረሰኝ ማሽኖቼን ጭኜ ሌላ ሰፈር እገባለሁ› ብለዋል» አለ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጥሎ።

እትዬ የደነገጠችው ለማሽኖቹ አይደለም። ማሽን የትም ይገኛል። ማሙሽ ማዶ እስካለ ድረስ ተጣልተዋል ማለት ነው፤ የተጣላ ሰው ይታረቃል። ከሄደ ግን አለቀ። ናፍቋት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። በየቀኑ ድምፁ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ ሲወጣ መስኮቷን የምትከፍተው ለአየር አልነበረም። ፋይል በቀጥታ የሚያሻግር ዕቃ እንዲተክልላት ባለገመዱን የጠራችውም ለዚህ ነው።

ባለገመዱ በደወለ በማግስቱ ሣጥኖቹን ተሸክሞ መጣና በቀጥታ ወደ ጣሪያ ወጣ። እትዬም ተከተለችው። ሰውየው ማዶውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ማዶውን አየ።

«እትዬ፣ አንተያይም አላሉኝም?»

«አንተያይም።»

«ያውና ሕንፃው! ከዚያች ታንከር በቀር በመሃል ምን አለ?»

«ሕንፃውንማ አየዋለሁ። እሱን ነው እንጂ የማላየው።»

ባለገመዱ ሣጥኖቹን አወረደ። «እኔ ስለ አንቴናው ነው የጠየቅሁት» አለ ቀስ ብሎ። «አንቴናዎቹ እንዲተያዩ።»

«ሦስተኛውስ?»

«የዚያ የፎቁ ትምህርት ቤት ጣሪያ ነዋ! ዳይሬክተሩን ለምኜ፣ አስፈቅጄ ነው የመጣሁት።»

«ውይ በሞትኩት! እኔ ሽማግሌ ልታመጣ መስሎኝ ምሳ ምን ላቅርብ ስል ነው ያደርኩት።» እትዬ ከት ብላ ሳቀች። እንዲህ ከሳቀች ቆይታለች። ባለገመዱም የጣሪያውን ጠርዝ ይዞ ሳቀ።

ሲበርድላቸው ሣጥኖቹን ከፈተ። ገመድ መዘርጋት ድሮ ተሞክሮ ነበር፤ ጭነቱን ቆልሎ የሚያልፍ የጭነት መኪና በጥሶ ይዞት ስለሄደ አሁን ስሙም አይነሳም። የመጀመሪያው ዕቃ በትምህርት ቤቱ ጣሪያ በኩል ዞሮ የሚሄደው ነው። «ይሠራል» አለ ባለገመዱ፣ «ግን እዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር እናንተም ትጠፋላችሁ። ቁልፉም በሰው እጅ ነው።» ሁለተኛው ቅጠልና ስስ ግድግዳ ዘልቆ የሚያልፍ፣ ግን ዘገምተኛ የሆነ ነው። «ውሃ ደግሞ አይሆንለትም። ታንከር ሙሉ ውሃ ፊቱ ቆሞ፣ ተስፋ የለውም።»

«ያስ?» አለች እትዬ ወደ ሦስተኛው ሣጥን እያሳየች።

«እሷን ለሌላ ደንበኛ ነው የያዝኳት። እነሱ ይተያያሉ።» ከሣጥኑ ሁለት ትናንሽ ነጫጭ ዲሾች አወጣ። «ፈጣን ናት። ያንን ትልቁን የፖስተር ፋይል ወንበርዎት ላይ ሳይመቻቹ ታደርሰዋለች። ግን አመለኛ ናት። ፊት ለፊት ካልተያየች አትሠራም። በጠባብ ቀዳዳ ማየትም አይበቃት፤ ዙሪያዋም ክፍት ይሁን ትላለች።»

«ከታንከሩ በላይ ረጅም ምሰሶ ብትተክልላትስ?»

«ነፋስ ያወዛውዘዋል። በተወዛወዘ ቁጥር ይጣላሉ። ከታንከሩ ወደ ጎን ፈቀቅ እንዳላደርጋት ደግሞ ያኛው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ምሰሶ የሚይዝ ሲሚንቶ ያለው ከታንከሩ ጀርባ ብቻ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በትምህርት ቤቱ በኩል ብናደርገው አይሻልም? ማንንም መለመን የለብዎትም» አላት።

እትዬ ዲሿን አንስታ አገላበጠቻት። «ይቺን ትከልልኝ» አለች።

ባለገመዱ አንዷን እዚህ ተክሎ ሌላዋን ይዞ ተሻገረ። ትንሽ ቆይቶ የእትዬ ስልክ ጮኸ። ባለገመዱ የሲግናሉን ቁጥር የሚያነበው በራሱ ስልክ ስለሆነ የተደወለው በሕንፃው ባለቤት ስልክ ነው። ሁለት እጁም ምሰሶው ላይ ነው። ስለዚህ ያናገራት ሌላ ሰው ነበር።

«ሰውዬው ወደ ግራ ይዙር ይላል» አለ ማሙሽ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

እትዬ ዲሿን አዞረች። «ዞሯል በለው።»

«ትንሽ ወደ ቀኝ ይመለስ ይላል።»

«ተመልሷል በለው።»

ከኋላ የባለገመዱ ጩኸት ተሰማ፤ «መጣ ስል ይጠፋል! ታንከሩ ነው፣ ጋሼ፣ ታንከሩ!» ከዚያ ስልኩ ውስጥ ነፋስ ብቻ ቀረ።

«ማሙሽ» አለች እትዬ።

«ማሙሽ፣ ታንከሩን አንሳልኝ።»

ነፋሱ ነፈሰ፣ ነፈሰ። የዘጋው መሰላት።

«ሙሉ ነው» አለ በመጨረሻ።

«አፍስሰዋ።»

«ያን ሁሉ ውሃ?»

«እኔ ጋ ውሃ አለ። ና ቅዳ።»

ስልኩ ቆርቆሮ ላይ ሲቀመጥ ቀጭ አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በማዶው አሸንዳ ውሃ ፏ ብሎ መንገዱ ላይ ወረደ። አንዲት ሴት ጫማዋን ይዛ ዘለለች፣ ዘበኛው ከበሩ ወጥቶ «ቧንቧ ፈነዳ! ቧንቧ!» እያለ ሰፈሩን አተራመሰ። የሰማው የለም። ጥቁሩ ታንከር ነቅነቅ አለ፣ ዘመም አለ፣ ከዚያ ሁለት ሠራተኞች እያቃሰቱ ወደ ጎን ገፉት።

ከጀርባው ማሙሽ ቆሟል። ሸሚዙ እስከ ደረቱ ርሷል። ያ ጥቁር ሪዙ ነጥቷል፣ አናቱም ተመልጧል። አባታቸውን ቁርጥ። እትዬ ይህ ሁሉ መቼ እንደሆነ አላየችም፤ አለማየቷ አንገበገባት።

ስልኩን ከቆርቆሮው ላይ አነሳ።

«ሸብተሃል» አለችው።

«አንቺም ወፍረሻል» አለ ቶሎ ብሎ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «እታለም።»

በዓለም ላይ እታለም የሚላት እሱ ብቻ ነው። አፍ ሲፈታ ጀምሮ።

«እትዬ!» አለ ባለገመዱ ከኋላው፣ ምሰሶውን እንዳቀፈ። «ተያያችሁ?»

ከዲሿ ግርጌ ያሉት መብራቶች አረንጓዴ መሆን አለመሆናቸውን እንድትነግረው ነው። እትዬ መብራቶቹን ዞር ብላ አላየችም።

«ተያየን» አለች።

መብራቶቹም በርተው ነበር። ባለገመዱ አንድ ፋይል ይላክና ይሞከር አለ። እትዬ ወርዳ ከሚያቃስተው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የሠርጉን ካርድ ትልካለች ብለን ስንጠብቅ ዘጋችውና ሌላ ከፈተች። ፊደል በፊደል ለቀመችው፣ ደገመችው፣ ላከችው። ማዶ ማሽኑ ሲንጫጫ ተሰማ።

ከዚያ የማዶው በር ተከፈተ። ዘበኛው እንደ ልማዱ ሊቀበል እጁን ቢዘረጋም ማሙሽ አልፎት ኩሬውን ዘልሎ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ደረጃውን ወጣ። በአንድ እጁ ቀለሙ ያልደረቀ የእናታቸውን ካርድ፣ በሌላው ባዶ ጀሪካን ይዟል። ካርዱን ኪቦርዷ ላይ አኖረና ቀለም የነካውን ጣቱን ከ«አንረሳሽም» ሥር አሳረፈ።

«ጭረት የለውም» አለ። ጀሪካኑንም ዘረጋላት።