የጠላቂዋ ኪስ

ማህሌት መፍቻዋን የጣለችው ቂሊንጦ አካባቢ በሚገኝ የአንድ ፋብሪካ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ማጠራቀሚያው ከመሬት በታች የተሠራ፣ እንደ አዳራሽ የሰፋና የጨለመ ነው። የምትሠራበት ትንሽ ድርጅት እንጀራው ይኸው ነው፤ ጠላቂዎች እየላከ ማጠራቀሚያ ያስጸዳል፣ ቧንቧ ያስጠግናል፣ ውሃ የበላውን ዕቃ ያስወጣል። የዚያን ቀን ያረጀ የቧንቧ መዝጊያ መቀየር ነበረባት። መዝጊያውን በሁለት እጇ መያዝ ስላለባት መፍቻውን በመጥለቂያ ልብሷ እጅጌ ውስጥ ሸጎጠችው። ክንዷን ዘርጋ ስታደርግ ተንሸራትቶ ሄደ።

ወለሉ ላይ ጭቃ ተኝቷል። በዳበሳ ፈለገች። አየሯ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ፈለገች። ባዶ እጇን ስትወጣ ውሃው ስለተዘጋባቸው የፋብሪካው ሠራተኞች ሳሙና እጃቸው ላይ ደርቆ ቆመው ይጠብቋታል።

«ኪስ ቢኖረኝ እኮ ይሄ አይመጣም ነበር» አለች ሲመለሱ መኪና ውስጥ።

ጋሽ አምባው ከፊት ወንበር ዘወር ሳይሉ «ጠላቂ ኪስ አያስፈልገውም» አሉ።

ጋሽ አምባው የጠላቂዎቹ አለቃ ናቸው። በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ፤ አቃቂ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ማህሌትንም፣ የሥራ ጓደኛዋን ጌዲዮንንም መጥለቅ ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። ጠላቂ የአየር ሲሊንደሩን ጀርባው ላይ ይሸከምና አየር የሚሞላ ጃኬት ይለብሳል፤ ጃኬቱ አየር ሲገባበት ሰውየውን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ሲተነፍስ ያወርደዋል። ኪስ ያለው ጃኬት ገበያ ላይ ሞልቷል። ጋሽ አምባው ግን ለድርጅቱ ሲያስመጡ ሆን ብለው ኪስ የሌለውን መረጡ።

«ኪስ ካለሽ ትሞይዋለሽ» አሏት። «ዛሬ መፍቻ፣ ነገ ፒንሳ፣ ከነገ ወዲያ ምሳሽን ቋጥረሽ ትወርጃለሽ። ክብደት ነው። ደግሞ ከሰውነት ወጣ ያለ ነገር ሁሉ ያገኘው ላይ ይያዛል።»

«እርስዎስ ዕቃዎን በምን ይይዙታል?»

«በሲባጎ።»

እውነታቸውን ነው። መቀሱን፣ ባትሪውን፣ መፍቻውን አንድ በአንድ በሲባጎ አስረው ቀበቶአቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ጌዲዮን እሳቸው በሌሉበት «ሱቅ በደረቴ» ይላቸዋል።

ማህሌት ነገሩን አልተወችውም። ቅዳሜ ጃኬቷን በፌስታል ይዛ ሳሪስ ሀይረዲን ጋ ሄደች። ሀይረዲን የስልጤ ሰው ነው፤ የመኪና ወንበር ልብስና የጭነት መኪና ሸራ ይሰፋል። ጃኬቱን አገላብጦ አየና «ይሄ የምንድን ነው?» አላት።

«ውሃ ውስጥ የሚለበስ ነው። ጎንና ጎኑ ላይ ኪስ እንድትሰፋልኝ ነው የመጣሁት።»

«ውሃ ውስጥ ምን ልትገዢ ነው?»

«ሥራ ነው ባክህ። መቀስና መፍቻ ልይዝበት። አየር የሚሞላበትን ክፍል ግን በመርፌ እንዳትነካብኝ። ቀበቶው ላይ ብቻ ስፋው።»

ሀይረዲን ግማሽ ሥራ አይወድም። የሰፋላት ኪስ ከመኪና ሸራ የተቆረጠ፣ ዙሪያው በድርብ ክር የተጠቀጠቀ ነበር፤ በአንዱ ብቻ አንድ ጥቅል ጎመን ይገባል።

ሰኞ ልምምድ የሚያደርጉበት የሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ ለበሰችው። ታች እስካለች ድረስ ደስ ይል ነበር። መፍቻው ይገባል፣ ይወጣል፤ እጇ ነፃ ነው። ችግሩ ስትወጣ መጣ። መሰላሉ ላይ እግሯን ስታሳርፍ ኪሶቹ ውሃ ጠጥተው እንደ ሁለት ባልዲ ተንጠለጠሉ። አንደኛው የመሰላሉ ብረት ላይ ተሰካ። ልታላቅቀው ጎተት ስታደርግ ከነሲሊንደሯ በጀርባዋ ተመልሳ ገንዳው ውስጥ ወደቀች። ዳር ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ከነብርጭቋቸው ተነሡ።

ጋሽ አምባው ፊታቸው ላይ የተረጨውን ውሃ በመዳፋቸው ጠረጉ። «ኪሱ ገንዳውን ወዶታል» አሉና ወደ ሻያቸው ተመለሱ። ጌዲዮን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፎጣ ውስጥ ተደበቀ።

ሀይረዲን ይህን ሲሰማ አዘነ። ኪሶቹን አሳነሳቸው፤ ታቻቸውንም ውሃ እንዲያፈስ በወንፊት ጨርቅ ቀየረው። በሚቀጥለው ልምምድ ማህሌት በሰላም ወጣች። ጋሽ አምባው ግን ገና አልጨረሱም ነበር።

«መልካም። አሁን ጃኬትሽን ንፊና መቀሱን አውጪልኝ።»

ጃኬቱን ነፋችው። ጎኑ አብጦ ኪሱን ከቀበቶው ጋር አጣበቀው። ጣቷ እንኳን አልገባም። ታገለች፣ ዞረች፣ ተገላበጠች፤ መቀሱ ከሆዷ ሁለት ጣት ርቀት ላይ ሆኖ ሊደረስበት አልቻለም።

«መቀስ የሚያስፈልግሽ በተጨነቅሽ ሰዓት ነው» አሉ ጋሽ አምባው፣ ድምፃቸው ውስጥ ምንም ፌዝ ሳይኖር። «በተጨነቅሽ ሰዓት ደግሞ ጃኬትሽን ትነፊያለሽ።»

ልክ ነበሩ፤ ያናደዳትም እሱ ነው።

በዚያው ምሽት ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቃ ቆማ ሳለ የታክሲው በር አልዘጋ አለ። ረዳቱ በሁለት ሰው መካከል ተጣብቋል፤ እጁን ወደ ደረቱ ማንሣት አይችልም። ሱሪው ግን ጭኑ ላይ የጎን ኪስ አለው። ክንዱን ወደ ታች ለቀቅ አደረገና ሳያይ ካቻቢቴ አወጣ፤ የበሩን ብሎን ጠበቅ ጠበቅ አድርጎ ካቻቢቴውን መልሶ ከተተው። ማህሌት ጭኑን አፍጥጣ ስታይ ረዳቱ አፈረ።

«ምነው እህቴ?»

«ምንም። ሱሪህ አሪፍ ነው» አለችው።

ጠዋት ሥራ ሳትገባ ሀይረዲን ጋ ደረሰች። ኪሶቹን ከጃኬቱ ላይ አስፈታች፤ በምትኩ በሁለት ጠፍር ቀኝ ጭኗ ላይ የሚታሰር አንድ ጠፍጣፋ ኪስ አሰፋች። ጋሽ አምባው ጠፍሩን ጎተት አድርገው ፈተሹት፤ እንከን አላወጡለትም።

ሥራው የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ከአቃቂ ወጣ ብሎ ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ የተተወ ጉድጓድ አለ፤ የክረምት ውሃ ሞልቶት ሐይቅ መስሏል። ዳሩ ላይ ሮሪሳ የሚባል ገበሬ ጎመንና ቆስጣ ያለማል። የውሃ ሞተሩን በርሜል ላይ በተሠራ መደብ አንሳፍፎ ነበር የሚጠቀመው፤ መደቡ ተገለበጠና ሞተሩ ከነቱቦው ሰመጠ።

«ጎመኑ ሊደርቅ ዛሬ ነገ እያለ ነው» አላቸው ሮሪሳ፣ የጠወለገውን ማሳ እያሳየ። «እባካችሁ።»

ጋሽ አምባውና ማህሌት አብረው ወረዱ። ጌዲዮን ዳር ላይ የጥሪ ገመዱን፣ ጠላቂዎቹ ከታች እየሳቡ መልእክት የሚልኩበትን፣ ያዘ። ከላይ አረንጓዴ የሚመስለው ውሃ ጥቂት ሲወርዱ ጠቆረ፤ ታች ሲደርሱ ማህሌት የራሷን እጅ ማየት አልቻለችም። ጋሽ አምባው ሞተሩን በዳበሳ አገኙት። ማንሻውን ገመድ ሊያስሩበት ጎንበስ ብለው ዞር ሲሉ አንዱ ሲባጎ በቱቦው ላይ ተጠመጠመ። ያንን ለማላቀቅ ወደ ኋላ ሲሉ ሌላው የሞተሩ እጀታ ውስጥ ገባ። መቀሳቸው የታሰረበት ሲባጎ ራሱ ከሥራቸው ተወጥሮ ቀረ፤ እጃቸው አልደረሰበትም።

ማህሌት ያወቀችው ክንዷን ሦስት ጊዜ ሲጨብጧት ነው። ራሳቸው ያስተማሯት ምልክት ነው፤ ተይዣለሁ ማለት ነው። ሳታስበው ጃኬቷን ነፋች። በግራ እጇ ትከሻቸውን ይዛ ቀኝ እጇን ወደ ታች ለቀቅ አደረገች። ኪሱ እጇ ያረፈበት ቦታ ላይ ነበር። መቀሱን አወጣችና ከወገባቸው ጀምራ በጣቷ እየተከተለች አንዱን ሲባጎ ቆረጠች፣ ሁለተኛውን ቆረጠች። ጋሽ አምባው አልተንቀሳቀሱም፤ የአተነፋፈሳቸው አረፋ ብቻ በረጋ ልክ ጆሮዋ አጠገብ ያልፍ ነበር። የመጨረሻው ሲቆረጥ ሰውነታቸው ቀለለ። አብረው ወጡ።

ዳር ላይ ጋሽ አምባው ለብዙ ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጌዲዮን ውሃ አቀበላቸው። ወገባቸው ላይ የተቆረጡ ሲባጎዎች ብቻ ተንጠልጥለዋል።

«ዕቃዎ እዚያው ቀረ» አለች ማህሌት፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

«ይቅር። ሰውየው ወጥቷል።» ጭኗ ላይ ያለውን ኪስ ተመለከቱ። «እሱ ያልተያዘው ለምንድን ነው?»

«ሰውነቴ ላይ ስለተጣበቀ መሰለኝ። ጃኬቱ ላይ ቢሆን ግን አላወጣውም ነበር። እንደዚያ ቀን ነፍቼው ነበር።»

ጋሽ አምባው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ተነሥተው የጥሪ ገመዱን ከጌዲዮን እጅ ወሰዱ።

«አሁን አንቺ ምሪ። ጌዲዮን ይከተልሽ። እኔ ከዚህ እይዛችኋለሁ።»

ማህሌት ሌላ ጠላቂ እየመራች ወርዳ አታውቅም። ውሃው እንደ ቅድሙ ጨለማ ነበር፤ እሷ ግን ሞተሩ የት እንዳለ አሁን ታውቃለች። ጌዲዮን ቱቦውን ወደ ጎን ያዘላት። ማንሻውን ገመድ በሞተሩ እጀታ አሳልፋ ማያያዣውን ብረት ከኪሷ አውጥታ ቆለፈችው፣ በመፍቻው አጠበቀችው፣ መፍቻውን መለሰችው። የጥሪ ገመዱን ስትስበው ከላይ ወዲያው መልስ መጣ።

ሞተሩን ያወጣው የሮሪሳ ጎረቤት አይሱዙ ነው። ጭቃ ለብሶ ብቅ ሲል ማሳው ላይ ያሉት ሁሉ አጨበጨቡ። ሮሪሳ ማህሌትን እጇን ይዞ አልለቅ አለ።

በሳምንቱ ጋሽ አምባው ሳሪስ ሄደው ጭናቸውን አስለኩ። ሀይረዲን ጠፍሩን እየቆረጠ ስለ ምፅዋ ጠየቃቸው፤ አንድ ኪስ እስኪሰፋ ባሕሩን በሙሉ ነገሩት።

ሞተሩን መካኒክ ፈትቶ አጠበው፣ አደረቀው። ሮሪሳ ሲያስነሳው እንዲያዩለት ሦስቱንም ጠራቸው። መጀመሪያ አንኮራፋ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ጠፋ። በሁለተኛው ያዘ። ቱቦው ተንፈራገጠና ውሃው በቦዩ እየተንከባለለ ወደ ጎመኑ ገባ። ሮሪሳ ቆስጣና ጎመን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ አሸከማቸው።

ሲመለሱ ማህሌት ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ጋሽ አምባው ከኋላ፣ ከረጢቱን አቅፈው ነበር።

«ማክሰኞ አንድ ማጠራቀሚያ ይጠብቀናል» አሉ። «ሥራውን አንቺ ትመሪያለሽ። ሰዓቱን አንቺ ንገሪን።»

«በጊዜ እንገናኝ ጋሼ» አለች ማህሌት። «መንገዱ ሳይጨናነቅ።»