የአሞጽ ቀፎዎችና ኩርባው ላይ የወደቀው ግራናይት

የዚያን ቀን ዝናብ ላየ ሰው የኖኅ ዘመኑ ካፊያ ነበር። ጣሰው አይሱዙውን ከቢታ ገነት ወደ ቦንጋ እያስጋለበ ኩርባውን ሲዞር፣ ከላይ ተንዶ የወረደ ድንጋይ መንገዱን ዘግቶ ጠበቀው። በግራ ቀጥ ያለ ዳገት፣ በቀኝ ገደል። ጋቢና ውስጥ ሚስቱ ይመኙሻል ምጥ ላይ ናት፤ ደም እየፈሰሳት ነው። በቃሬዛ እንዳይወስዷት ቦንጋ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል፤ ስልክም አይሠራም።

"ለዚህች ጠጠር?" አለ ጣሰው። "ሺሺንዳ ላይ ዝሆን የሚያክል አለት ፈልጬ የለም እንዴ?"

"ባለፈው ስታወራው ጥጃ ነበር የሚያክለው" አለች ይመኙሻል፣ ጥርሷን ነክሳ።

ትዳራቸው የቆመው በዚህ ነው። እሱ ይቆልላል፣ እሷ ትንዳለች።

ትልቁን መዶሻ አንስቶ ባለ በሌለ ኃይሉ አሳረፈበት። መዶሻው ነጥሮ ግንባሩን ለጥቂት ሳተው። ይመኙሻልን ደግፋ የመጣችው የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ሄርሜላ ወርዳ ድንጋዩን ዳበሰችው።

"ግራናይት ነው ጋሼ። መስታወት የሚመስለው ኳርትዝ፣ ቀላ ያለው ፌልድስፓር፣ ጥቁሩ አብረቅራቂ ማይካ ነው። መሬት ሆድ ውስጥ ቀልጦ የነበረ ነገር በስንት ዘመን ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ሦስቱ ተቆላልፈው አደጉ።"

"ልደቱን ተይኝ ቲቸር፤ ሞቱን ንገሪኝ።"

"እሳት። ሲግሉ እኩል አያብጡም፤ ይገፋፋሉ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ።"

በዚያ ዝናብ በካፋ ጫካ ደረቅ ጭራሮ ከሰማይ ኮከብ ይርቃል። ደረቅ እንጨት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ መኪናው ላይ፣ ሸራው ሥር። አብሯቸው የተሳፈረው የማንኪራው ንብ አርቢ አሞጽ ዛፍ ላይ ሊሰቅላቸው የጫናቸው አዲስ ቀፎዎች፤ ምድጃ በላይ በጭስ የደረቁ፣ ውስጣቸው ሰም የተቀባ።

ማንም አልጠየቀውም። አሞጽ ሸራው ላይ እጁን ጭኖ ቆመ። "ንቦቹ ሊገቡ ነው" አለ። "ዘንድሮ ካልሰቀልኩ ማር የለኝም።"

ከጋቢናው የይመኙሻል ጣር ተሰማ። አሞጽ ገመዱን ፈታ። የመጀመሪያውን ቀፎ ራሱ ተሸክሞ ወረደ።

ቀፎዎቹን ድንጋዩ ዙሪያ ደርድረው አነደዷቸው፤ ሸራውንም ዝናቡን እንዲከልል ከእሳቱ በላይ ከፍ አድርገው ወጠሩት። ሰሙ ሲቀልጥ ነበልባሉ የገሃነምን በር የከፈተ መሰለ። ይመኙሻል ደግማ ስታቃስት ግን ጣሰው አልቻለም፤ ሄርሜላ "ገና ነው" እያለችው የውሃውን ጀሪካን ደፋበት። ጭሱ ሲገለጥ ከድንጋዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የመሰለች ስባሪ ወደቀች። ሌላ ምንም።

"የጋለው ቆዳው ብቻ ነበር" አለች ሄርሜላ።

ግማሹ ቀፎ አመድ ሆኗል። ጣሰው ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤ የሚፎክርበት ቃል አልቆበት ነበር። አሞጽ የቀሩትን እያወረደ እሳቱን መልሶ አፋፋመ። "አንተ ሚስትህ ዘንድ ሂድ" አለው። "ውሃውን እኛ እናፈሳለን።"

ጋቢና ውስጥ እጇን ይዞ ተቀመጠ። እጇ እየቀዘቀዘ ነው። አለም ከተፈጠረ እንደዚያ የረዘመ ሰዓት አልነበረም። ውጪ ሄርሜላ "አሁን" አለች።

ጧ አለ። ጅማ ድረስ ተሰማ ቢባል ማን ይክዳል? አለቱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በድጅኖ እየፈነቀሉ አንዱን ግማሽ ገደል ሰደዱት። ጣሰውም የጎን መስታወቱን ዳገቱ እየላጠው በቀረችው ቀጭን መንገድ አለፈ።

ይመኙሻል ዓይኗን ከድናለች። ሄርሜላ ጉንጯን መታ መታ ብታደርግ አትመልስም።

"ይሜ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያክል ድንጋይ ሰነጠቅሁልሽ" አለ ጣሰው፣ መሪውን አንቆ።

ዝም።

"ቅጥሩን ጭምር የሚያክል።"

እንባው መንገዱን ጋረደበት። "ደወሉም ነበረበት" አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"የዶሮ ቤት" አለች በሹክሹክታ። "የዶሮ ቤት ነው የሚያክለው፤ አይቼዋለሁ።"

ጣሰው ነዳጁን ረገጠው። "በይ ቀጥይ" አለ፣ "ዶሮዎቹንም ቁጠሪያቸው።"