የፌቨን ግሮሰሪና የሳምሶን ለቅሶ

ፌቨን ጋሞ ውስጥ፣ ካምባ ገበያ ላይ ከአይሱዙ ስትወርድ አንዲት ሙዝ ሻጭ "ኢየሱስ ሆይ!" ብላ ሙዟን ጥላ ሮጠች። ምን ታድርግ? ለፌቨን እኮ ካለቀሰችላት ቆይታለች! መላው ካምባ አልቅሶላታል። ድንኳን ተጥሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ ነበር። ከሁሉ በላይ ደረቱን እየደቃ ያነባው ደግሞ ሳምሶን ነው።

ይሄን ሳምሶን ሰው ያደረገችው እሷ ናት። ፌቨን ከኤርትራ ድንበር አቋርጣ የመጣች ሴት ናት። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር "አገባሻለሁ" ብሎ እስከ ካምባ አምጥቷት፣ ስታረግዝ መኪናውን አስነስቶ እብስ አለ። እሷ ግን ተቀምጣ አልተከዘችም። የቆርቆሮ ክፍል ተከራየች፣ ቦርዴ አጠማመቁን የሰፈሩ ሴቶች አስተማሯት፣ መሸጥ ጀመረች። ቀስ በቀስ ቢራ ገባ፣ ፍሪጅ ገባ፣ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ጴንጤዎቹ እንኳ በፊት ለፊት አናልፍም እያሉ በጓሮ ገብተው ሚሪንዳቸውን ይጠጡ ነበር። የውጭ ዜጋ ስለሆነች የንግድ ፈቃዱን በአሳላፊዋ በሳምሶን ስም አወጣች። እንደ ወንድሟ አመነችው። ልጇ ኢየሩስም "አጎቴ" ብላው አደገች።

ድንበሩ ተከፈተ ሲባል ፌቨን የታመሙ እናቷን ልታስታምም ሄደች፤ ኢየሩስን ለሳምሶን አደራ ሰጥታ። ብዙም ሳይቆይ ድንበሩ ተዘጋ፣ ጦርነት መጣ። ፌቨን በስንት መከራ ስልክ አግኝታ ስትደውል ሳምሶን "እትዬ፣ ልጅቷ ደህና ናት፣ ትምህርት ቤት ናት" ይላታል። ከዚያ ቁጥሩን ለወጠ። ከዚያ ሞታለች ብሎ ድንኳኑን ጣለ።

ዓመታት አልፈው በሱዳን ዞራ ስትመለስ ኢየሩስን ያገኘቻት እዚያው ግሮሰሪ ውስጥ፣ ትምህርቷን አቋርጣ ብርጭቆ ስታጥብ ነው። በገዛ እናቷ ቤት! ተቃቅፈው ተላቀሱ። ልጅቷ ግን ለቅሶው እንዳለቀ "እማ፣ ለምን አልደወልሽም?" አለች። ሰነበተችና ደግማ ጠየቀች። ፌቨን ደውላ እንደነበር ልትነግራት እየቃጣት ተወችው። ከሳምሶን ከራሱ አፍ፣ ሕዝብ ፊት ትስማው ብላ ነው። ምን ዓይነት አንጀት ነው አትሉም?

ሳምሶን ክስ ፈራና ሽማግሌ ላከ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከልህ አልፈኸው አትሄድም። ሳምሶንም "የሰው አገር ሰው ናት፣ ሥርዓቱን አታውቅም፤ ነጭ ፀጉር ሲንበረከክላት ደንግጣ ትተወዋለች" ብሎ አሰበ። ሞኝ! እነዚያ ሽማግሌዎች ስንት ዓመት ቦርዴያቸውን እየጠጡ ነገር የሚፈቱት በማን አግዳሚ ላይ ነበር? በዳይ በአደባባዩ፣ በዱቡሻው ቆሞ ጥፋቱን አንድም ሳይደብቅ ካልተናዘዘ እርቅ እንደማይጸና ታውቃለች። ከዚያም ከተበዳይ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ገጥሞ ከአንድ ቅል ይጠጣል። ተበዳይ አልጠጣም ካለው፣ ሌላም ሰው አብሮት አይጠጣም።

"ተነሡልኝ አባቶቼ፣ እናንተን አላልፍም። ዱቡሻ ይሁን" አለች ፌቨን ሽማግሌዎቹ ሲንበረከኩላት። ሳምሶን ይሄን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

በቀኑ ሕዝቡ ግጥም አለ። ሳምሶን ተነሥቶ "ፈቃዱ በስሜ ነው ብዬ ቤቷን ወሰድኩ። እመልሳለሁ" አለና ቁልፉን አስረከባት።

"በቃሽ ልጄ?" አሏት ጋሽ ዳና፣ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ።

"ይቀረዋል።"

"በሕይወት እያለች ሞተች ብዬ አስለቀስኳችሁ።"

"ይቀረዋል!"

ሳምሶን መሬት መሬቱን እያየ "ትደውል ነበር" አለ። "ልጄን አቅርብልኝ ትለኛለች። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ... የለችም እላታለሁ።"

ሴቶቹ "ውይ! ውይ!" አሉ። ኢየሩስ ከመካከላቸው ብድግ አለች። ፌቨን የምትፈልገው ይህንን ነበር። ቅሉን ተቀብላ ጉንጯን ከሳምሶን ጉንጭ አጋጠመችና ተጎነጨች።

"እኔ ጠጥቻለሁ። ልጄም ተበዳይ ናት፤ አሁን እሷን ለምኑ" አለች።

ሽማግሌዎቹ ሣራቸውን ይዘው ለኢየሩስ ተንበረከኩ። ልጅቷ አላለፈቻቸውም። ከፊታቸው ተንበርክካ ቅሉን ተቀበለችና ሳምሶን እግር ሥር አስቀመጠችው።

"ብቻህን ጠጣ" አለችው።

ጋሽ ዳና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከእንግዲህ ካምባ ውስጥ ከሳምሶን ጋር ጉንጩን የሚገጥም ሰው የለም። ፌቨን ደስ አላት፤ እግዜር ይቅር ይበላት፣ እልል ማለት ሁሉ አማራት። ልጇን ልታቅፍ እጇን ዘረጋች።

ኢየሩስ ወደ ኋላ ሸሸች።

"ለምን አልደወልሽም እያልኩ ስጠይቅሽ ዝም ያልሽኝ ለዚህ ነው?" አለች። "እሱን ለማዋረድ?"

ፌቨን ቁልፉን ጨብጣ ቆማ ቀረች፤ ልጇ የገበያውን መንገድ ይዛ ሄደች።