ሽማግሌ የማይፈታው ትዕዛዝ

ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ስለዚህ ጋሼ ሽጉጤና ደጉ፣ ማስካቸውን እስከ አፍንጫቸው እንደሳቡ፣ የዕዳ አማካሪዋ ቢሮ መሃል ቆመው ቀሩ። ሚስስ ሞኮዌና ወንበሮቹን ደጋግማ አሳየቻቸው። ወይ ፍንክች!

ኤርጎጌን ከኋላቸው ላብ አጠመቃት። ኮሮና የገባ ዓመት በስደት የከፈተችው የዛንድስፕሩት ሱቋ ተዘግቶ ዕዳ ሲያንቃት፣ ጉዳይዋን ፍርድ ቤት አቅርባ ክፍያውን በትንሽ በትንሹ ያስደለደለችላት ይህችው ሴትዮ ናት። ያኔ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላ ፈርማለች። ትዕዛዙ እስካለ ድረስ ግን አዲስ መበደርም ሆነ ለሰው ዋስ መሆን አትችልም። አሁን ልጇ ኤፍራታ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል፤ የትምህርት ብድሩ የእናቷን ዋስትና ይፈልጋል፤ ምዝገባው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ሱቁ ተከፍቷል፣ ገበያውም ተመልሷል፤ ታዲያ ትዕዛዙ ምን ይሠራል? በአገሯ በሆሳዕና ከተማ የጠበቀ ነገር በሽማግሌ ይላላል። ኤርጎጌም ከቸርች ሽማግሌ ይዛ መጣች።

«እህታችን ቸግሯት ነው፤ አሁን ጌታ ረድቷታል። ስለ ሽበቴ ብለው ይሰርዙላት በላት» አሉ ጋሼ ሽጉጤ። እንግሊዝኛ የሚችለው ደጉ ተረጎመ።

ሴትዮዋ ወደ ኤርጎጌ ዞረች። «አልችልም፣ እህቴ። ትዕዛዙ የፍርድ ቤት ነው። ዳኛውም ቢሆን ኑሮሽ ተሻሻለ ብሎ አይሰርዘውም፤ ሕጉ ያን ሥልጣን አልሰጠውም። መውጫው ዕዳውን ከፍሎ መጨረስ ነው፤ ያኔ ትዕዛዙን የሚያነሣልሽን ምስክር ወረቀት እሰጥሻለሁ። ደግሞ ሌላው ሁሉ አልቋል፤ የቀረው የመኪናው ብቻ ነው።»

ደጉ ጉሮሮውን ጠረገ። «አይቻልም አለች፣ ጋሼ። ትንሽ ዕዳ ቀርቷል።»

ትንሽ ዕዳ! ኤርጎጌ ስንት ዓመት ሱቅ ውስጥ የለቀመችው እንግሊዝኛ ይህን ለመስማት አላነሳትም። ቋሚ የመኖሪያ ወረቀት ያላት እሷ ስለነበረች፣ «በስምሽ አውጪልኝ፣ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ደጉ በዱቤ ያስወጣት የባኪ፣ የዕቃ መጫኛ መኪና፣ ዕዳ ነው። ወረቀት ያለው ለሌለው ስሙን ያውሳል፤ ያገር ልጅ ወግ ነው። ሱቆች ሲዘጉ ደጉ መክፈል አቆመ፤ ሲከፈቱም አልቀጠለም። የቸርች ወንድም ነውና፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ከሱቋ ስትከፍል ኖረች።

ጋሼ ሽጉጤ በረጅሙ ተንፍሰው ቁጭ አሉ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል ከተቀመጠ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። «በቃ፣ ልጄ። ኤፍራታ ለከርሞ ትማራለች።»

ለከርሞ! ወንድምን በሽማግሌ ፊት ማዋረድ ያስፈራታል፤ ግን የልጇ ፊት መጣባት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

«ጋሼ፣» አለች፣ «ደጉ የዘለለው ነገር አለ። የቀረው የመኪና ዕዳ ነው። ለእሱ በስሜ ያወጣሁለት፣ ዛሬ ይዞን የመጣባት መኪና። የምከፍለው እኔ ነኝ።»

ደጉ መሬት መሬት አየ። ጋሼ ሽጉጤ ጉልበታቸውን ይዘው እንደገና ተነሡና ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«አሁን የምለምነው አንተን ነው። እሺ እስክትለኝ አልቀመጥም።»

«ጋሼ፣ እንጀራዬ ናት እኮ! የሰዉን ዕቃ በምን ላመላልስ?»

ጋሼ ሽጉጤ ንቅንቅ አላሉም። ቆሙ። አማርኛ የማይገባት ሚስስ ሞኮዌና ግራ ተጋብታ ወንበሩን ወደ እሳቸው ገፋችላቸው፤ ዘወር ብለውም አላዩት። እግራቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በመጨረሻ ደጉ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ነገሩ ሲተረጎምላት ሴትዮዋ ቁልፉን መለሰችለት። «እኔ ቁልፍ አልቀበልም። መኪናዋ ብትሸጥ ዕዳውን ትሸፍናለች። ዛሬውኑ ሂዱ፤ ለምዝገባው እንደርስ ይሆናል።»

ሲወጡ ጋሼ ሽጉጤ የፊተኛውን በር ለኤርጎጌ ከፈቱላትና እሳቸው ከኋላ ገቡ። መኪናዋ በስሟ ከወጣች ጀምሮ ኤርጎጌ ከፊት ተቀምጣባት አታውቅም። ደጉ ሞተሩን አስነሣ።

«ወዴት ልንዳ?» አላት ፊቱን ሳያዞር።

«ያገለገለ መኪና ወደሚገዙት ነጋዴዎች» አለች። እንባዋ ማስኳን አራሰው።